ያለ እርሾ ኩፍ የሚል ዳቦ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ከንግግሩ ሥር ቀስ እያለ ይወርዳል)

ሳምንታዊው የቤት ሙያ ዝግጅታችን ሰዓቱን ጠብቆ መጥቷል።

የዛሬው ጉዳያችን ዳቦ ነው። ማታ ተቦክቶ እስኪነጋ የሚጠበቀው ግን አይደለም። እርሾ የለውም፤ ማሳደር የለውም፤ ማሸትም የለውም። ዱቄት፣ ጨው፣ ሶዳና አሬራ፣ በቃ። እሳቱ ከተዘጋጀ ከዱቄቱ እስከ ገበታው አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ወተት በሚናጥበት ቤት፣ ቅቤው ከወጣ በኋላ የቀረው አሬራ ምን ይሆናል?

(አጭር ፋታ)

መልሳችሁን የሰማሁት ያህል ነው። ከፊሉ እሳት ላይ ተጥዶ አይብ ይወጣዋል። ከፊሉን ልጆች ይጠጡታል። የተረፈው ለጥጃ ይሰጣል፤ አንዳንዴም ይደፋል። ዛሬ ከዚያ አሬራ ላይ፣ እሳት ሳይነካው፣ ሁለት ብርጭቆ ያህል አስቀምጡልኝ። ዳቦአችንን የሚያነሳልን እሱ ነው።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

በእኛ አገር እንግዳ ቀጠሮ ይዞ አይመጣም። ቡና እየተቆላ ጎረቤት ይጠራል። ከቦንጋ ወደ ሚዛን የሚያልፍ ዘመድ በመንገዱ ጎራ ይላል። የቤቷ እመቤት ቡናው አያስጨንቃትም፤ በካፋ ምድር ቡና የሚቸግረው ቤት የት አለ? የሚያሳስባት የቡና ቁርሱ ነው። ቆሎ ካለ ቆሎ፣ ቆጮ ካለ ቆጮ ይቀርባል። ድፎ ለመድፋት ግን ትናንት መጀመር ነበረባት።

ይህ ዳቦ ቡናው መቆላት ሲጀምር ይለወሳል፤ በረካው ሳይቀዳ ይደርሳል። እኔ የወደድኩትም ለዚህ ነው። እርሾ ያለቀባት፣ ሱቅ የራቃት፣ እንግዳ የደረሰባት እናት እጅ ላይ ባለው ነገር ብቻ ትኩስ ዳቦ ማቅረብ ትችላለች።

ስሙ የአየርላንድ ሶዳ ዳቦ ነው። አየርላንድ የት ናት? ከእንግሊዝ በስተ ምዕራብ ያለች፣ ባሕር የከበባት፣ ዝናብ የማይለያት ደሴት ናት። በ1977ቱ ድርቃችን ጊዜ ዘፋኞችን አስተባብሮ ለኢትዮጵያ ገንዘብ ያሰባሰበው ቦብ ጌልዶፍ የዚያ አገር ሰው ነው።

አየርላንዶች ረሃብን በራሳቸው ቤት ያውቁታል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1845 ጀምሮ ድንቻቸውን በሽታ መታው። አብዛኛው ድሃ ገበሬ በዚያ አንድ ሰብል ላይ ብቻ ተደግፎ ይኖር ነበርና፣ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ። ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ደግሞ አገሩን ጥሎ ተሰደደ።

ሶዳ ወደ ቤታቸው የገባው ከዚያ ረሃብ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1830ዎቹ ነው። ቀድሞ ሶዳ የሚገኘው ከዕፀዋት አመድ ስለነበር ውድ ነበር። ኒኮላ ለብላን የተባለ ፈረንሳዊ በ1791 ከተራ ጨው ሶዳ የሚወጣበትን ዘዴ ካገኘ ወዲህ ግን በፋብሪካ እየተመረተ ዋጋው ወረደ፤ ውሎ አድሮ የድሃው ገበሬም እጅ ገባ።

የዚያን ጊዜውን የአየርላንድ ጎጆ አስቡት። ምድጃ እንጂ የዳቦ መጋገሪያ የለውም። ላም አለች። ቅቤ ይናጣል፤ አሬራ ይተርፋል። ዝናቡ የማያባራ ስለሆነ የሚያበቅሉት ስንዴ ለስላሳ ነው፤ ለእርሾ ዳቦ የሚያስፈልገው የመለጠጥ ኃይል ያንሰዋል። ያንን ዱቄት እርሾ አልሆንልህ ሲለው፣ ሶዳና አሬራ አነሱት።

ላም፣ አሬራ፣ ምድጃ፣ ዝናብ። ይህን ቤት አታውቁትም? እኔ በበኩሌ የጨና ደጋን ቤት ያየሁ ያህል ይመስለኛል።

ድስታቸውንም ላንሳላችሁ። ባስቲብል ይሉታል፤ ከባድ፣ ክዳን ያለው የብረት ድስት ነው። ሊጡን ውስጡ ያስቀምጡና ክዳኑን ገጥመው ከላዩ ፍም ይቆልሉበታል። ማገዶአቸው ከረግረግ መሬት ተቆርጦ በፀሐይ የደረቀ፣ የሚነድ አፈር ነበር። ከታች እሳት፣ ከላይም እሳት። ድፎ ደፍታ ለምታውቅ እናት ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

አሁን ደግሞ ሶዳው ሊጡን እንዴት እንደሚያነሳው እንይ። ቤት ውስጥ ሶዳ ያላችሁ አብራችሁኝ ሞክሩ። ብርጭቆ ላይ ትንሽ አሬራ አድርጉ። በሻይ ማንኪያ ጫፍ ሶዳ ቆንጥራችሁ ጣል አድርጉበት። ምን አያችሁ?

(የድምፅ ግብዓት፦ ሶዳ አሬራ ውስጥ ሲገባ የሚሰማው የአረፋ ድምፅ)

አረፋ ነው። ወተቱ ሲረጋ ለዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን በውስጡ ያለውን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። አሬራ የሚኮመጥጠው ከዚያ የተነሳ ነው። አሲዱ ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ይወጣል፤ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት የሚያስፈላው ጋዝ ራሱ ነው። ጋዙ ሊጡ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፤ እሳት ሲያገኘው ያብጣል፤ ዳቦውም ከፍ ይላል።

እርሾ የሚያወጣውም ጋዝ ይኸው ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ጊዜው ላይ ነው። እርሾ ሕይወት አለው፤ መብላትና መራባት ስላለበት ሰዓታት ይፈልጋል። ሶዳ ግን ኮምጣጣ ነገር በነካው ቅጽበት ሥራ ይጀምራል። ቶሎ የጀመረ ደግሞ ቶሎ ይጨርሳል። አሬራው ዱቄቱ ላይ ከፈሰሰ በኋላ ስልክ ማንሳት፣ ደጅ ወጥቶ ከጎረቤት መጨዋወት የለም።

አንዱን ነገር ደግሜ ልበለው። ሶዳ ብቻውን አይበቃም፤ ኮምጣጣ ይፈልጋል። ባልኮመጠጠ ወተት ወይም በውሃ ብቻ ብታቦኩት ምን ይሆናል? ዳቦው ቢጫ ይሆናል፤ ሳሙና ሳሙና ይላል፤ በቅጡም አይነሳም። ሶዳ ከኮምጣጣ ጋር፤ ይህን ያዙልኝ።

(አጭር ፋታ)

በካፋ ስለ ዳቦ እያወራን እንሰትን ሳናነሳ ብናልፍ ወሬው ጎደሎ ነው። እንሰቱ ተፍቆ፣ በኮባ ተጠቅልሎ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሳምንታትና ወራት ሲቆይ የሚያኮመጥጠው ወተትን ከሚያኮመጥጡት ተሕዋስያን ወገን የሆነ ነው። ላክቲክ አሲዱም ያው ነው። ታዲያ ቆጮ ምጣድ ላይ ሲጋገር ለምን ከፍ አይልም?

ኮምጣጣ አንሶት አይደለም። ግሉተን ስለሌለው ነው። ግሉተን ስንዴ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው፤ ውሃ ሲያገኝ እንደ ስስ ላስቲክ ይለጠጥና ጋዙን አፍኖ ይይዛል። እንሰት ይህ የለውም። በቆሎም የለውም፤ ጤፍም የለውም። ለዚህ ነው ለዛሬው ዳቦአችን ስንዴ የግድ የሚሆነው።

ይህን ስል ቆጮን ለማሳነስ እንዳይመስላችሁ። ቆጮ የጠነከረ፣ የተፈተነ ምግብ ነው፤ ለዓመታት ጓሮ ቆሞ የሚጠብቅ ሌላ ምን አለ? አየርላንዶች ድንቻቸው ሲጠፋ ወደ ጓሮ ዞረው የሚቆርጡት እንሰት አልነበራቸውም። የሶዳ ዳቦ ቆጮን አይተካም፤ ድፎንም አይተካም። ከሁለቱ ጎን የሚቀመጥ ነው።

(ሙዚቃ፤ ትንሽ ረዘም ብሎ)

እንግዲህ ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ አንሱ። የሌላችሁ ልጆቹን ጥሩ፤ እነሱ አንዴ ከሰሙ አይረሱም።

ዱቄት፣ ግማሽ ኪሎ የስንዴ ዱቄት። በውሃ መጠጫ ብርጭቆ ስንለካው አራት ገደማ ነው። ከሱቅ የሚገዛው ነጭ ፉርኖ ዱቄት ይሆናል። ራሳችሁ አበጥራችሁ ወፍጮ ቤት ያስፈጫችሁት ስንዴም ይሆናል። የእኔ ምርጫ ግማሽ በግማሽ ነው። ፉርኖው ዳቦውን ያቀልለዋል፤ የወፍጮ ቤቱ ዱቄት ደግሞ ገለባው አብሮ ስላለ ጣዕምና ጉልበት ይሰጠዋል።

ሶዳ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ። የተከመረ አይደለም፤ በቢላ ጀርባ የተስተካከለ። ጨውም እንዲሁ አንድ የሻይ ማንኪያ።

አሬራ፣ 400 ሚሊ ሊትር። ከአንድ ብርጭቆ ተኩል ትንሽ ከፍ ይላል። ሁሉንም በአንዴ አትጨምሩት፤ ጥቂት አስቀሩ። የወፍጮ ቤት ዱቄት ብዙ ይጠጣል፤ ፉርኖ ትንሽ ይበቃዋል። ልኩን እጃችሁ ይነግራችኋል።

አሁን የምለውን አደራ በደንብ ስሙኝ። ሱቅ ስትሄዱ «ሶዳ» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ።

የምንፈልገው ቤኪንግ ሶዳ ነው፤ ዕቃው ላይ ሶዲየም ባይካርቦኔት ተብሎ ይጻፋል። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው፤ እሱ ውስጥ ሶዳውም ኮምጣጣውም ደርቀው ተቀላቅለዋል፣ ለኬክ የተዘጋጀ ነው። ከሁለቱም ፈጽሞ የተለየ፣ ሳሙና የሚሠራበት ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ አለ። እሱ መርዝ ነው። አፍን፣ ጉሮሮንና ሆድን ያቃጥላል። ማድ ቤት መግባት የለበትም፤ ልጆች ከሚደርሱበትም መራቅ አለበት።

ስለዚህ የታሸገና ጽሑፍ ያለው ግዙ። ስሙ ሳይታወቅ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥ ነጭ ዱቄት፣ ርካሽ ቢሆንም፣ ነጋዴው ቢምልላችሁም፣ ለምግብ አትግዙ።

(አጭር ፋታ)

ሥራውን እንጀምር። መጀመሪያ ምን እናድርግ?

እሳቱን! ሊጡ እሳት አይጠብቅም ብለናልና ዱቄቱ ከመነካቱ በፊት እሳቱ ይዘጋጅ፤ ድስቱ ወይም ምጣዱ ይጋል።

ቀጥሎ ዱቄቱን፣ ጨውንና ሶዳውን አንድ ላይ ንፉ። ሶዳው ሳይፈርስ ተጓጉሎ ከቀረ በዳቦው ውስጥ ቢጫና መራራ ነጠብጣብ ይሆናል። ወንፊቱ ከሌለ ሶዳውን መዳፋችሁ ላይ በጣታችሁ አድቅቃችሁ ጨምሩ፤ ከዚያ ደረቁን በደንብ አማስሉት።

መሐሉን ጎድጎድ አድርጉና አሬራውን አፍስሱ። ጣቶቻችሁን ከፈት አድርጋችሁ፣ ከመሐል ወደ ዳር እየዞራችሁ አዋሕዱት። ደረቅ ዱቄት መታየቱ ሲያበቃ፣ አቁሙ።

አዎ፣ አቁሙ። ይህ ለእኛ ይከብደናል። ከልጅነታችን ሊጥ መታሸት አለበት ተብለን ነው ያደግነው፤ ክንዷ እስኪዝል የምታሽ ሴት ባለሙያ ትባላለች። እዚህ ግን ማሸት ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ግሉተኑ እየጠነከረ ይሄድና ዳቦው ቆዳ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የወጣውን ጋዝ በእጃችን ጨፍልቀን እናስወጣዋለን። ሊጡ ለስላሳ፣ ትንሽ የሚጣበቅ፣ ላዩ ሸካራ ሆኖ ቢታያችሁ አትደንግጡ። መልኩ እንደዚያ ነው። ከአንድ ደቂቃ በላይ እጃችሁ ውስጥ አይቆይ።

ዱቄት በተነሰነሰበት ሰሌዳ ላይ ገልብጡት፤ በቀስታ ክብ አድርጉት፤ ከፍታው አራት ጣት ሲጋደም ያህል ከሆነ ይበቃል። ከዚያ በቢላ ከዳር እስከ ዳር በመስቀል ምልክት ሰንጥቁት፤ ጠለቅ ይበል።

መስቀሉ ለምንድን ነው? አየርላንዶች ቤቱን ለመባረክ ነው ይላሉ፤ ክርስቲያኖች ናቸውና ይህ ለእኛም እንግዳ አይሆንብንም። ሌላም ጥቅም አለው። ሙቀቱ በስንጥቁ በኩል ወደ መሐሉ ይገባል። ያልተሰነጠቀ የሶዳ ዳቦ ዳሩ በስሎ መሐሉ ሊጥ ሆኖ ይቀራል።

እስካሁን ያልነውን አንዴ እንመለስበት። እሳቱ ቀድሞ፤ ሶዳው ከኮምጣጣ ጋር፤ እጅ ቀለል ብሎ። ከእነዚህ አንዷ ብትጓደል ዳቦው ይናገራል።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

በምን እንጋግረው? እንደየቤታችሁ ነው።

የኤሌክትሪክ ወይም የጋዝ ኦቨን ያላችሁ 220 ዲግሪ ላይ ቀድማችሁ አሙቁት። ለ15 ደቂቃ በዚያው ሙቀት አቆዩት፤ ከዚያ ወደ 200 አውርዱትና ለተጨማሪ 25 ወይም 30 ደቂቃ ተዉት።

ከሰልና እንጨት ያላችሁ፣ ማለትም አብዛኞቻችን፣ ከባድ የብረት ድስት አዘጋጁ። ሥሩን በኮባ ምንጣፍ አልብሱት። ኮባው ሊጡ እንዳይጣበቅና እንዳያር ይከላከላል፤ ደስ የሚል መዓዛም ይሰጠዋል። ሊጡን አስገብታችሁ ክደኑት፤ ክዳኑ ላይ ፍም አድርጉበት። እዚህ ላይ ዋናው ነገር የእሳቱ አደላደል ነው። ከታች ያለው ፍም ሳሳ፣ ከላይ ያለው በዛ ይበል። ሙቀት በተፈጥሮው ወደ ላይ ስለሚሄድ የታችኛው ሲበዛ ሥሩ ከስሎ ላዩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይወስዳል። በመሐል እየከፈታችሁ አትዩት፤ በከፈታችሁ ቁጥር የላይኛውን ሙቀት ታጡታላችሁ።

ድስትም ከሌለ? ምጣድ አለ። የሰሜን አየርላንድ ሰዎች ራሳቸው በምጣድ ነው የሚጋግሩት፤ ፋርል ይሉታል። ሊጡን የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ጠፍጠፍ አድርጉት፤ አራት ቦታ ቁረጡት። በስሱ እሳት ላይ፣ ዘይት ሳይቀባ፣ ዱቄት ብቻ ነስንሳችሁ፣ በአንድ ጎኑ ስምንት አሥር ደቂቃ፣ ገልብጣችሁ ደግሞ እንደዚያው። እሳቱ ከበረታ ላዩ ይከስላል፤ ውስጡ ጥሬ ይሆናል። ለቡና ቁርስ ከሁሉም ፈጣኑ ይህ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላችሁም ትችሉበታላችሁ።

ከሰል የምትጠቀሙ እህቶቼ፣ በርና መስኮት ክፈቱ። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ያወጣል። የቤቱ ብርድ ከዚያ አይብስም።

(አጭር ፋታ)

መብሰሉን በምን እናውቃለን? ዳቦውን አውጥታችሁ ገልብጡት፤ ሥሩን በጣታችሁ መገጣጠሚያ ኳኳ አድርጉት። ምን ዓይነት ድምፅ ሰማችሁ?

(የድምፅ ግብዓት፦ የበሰለ ዳቦ ሥር ሲንኳኳ)

ባዶ ዕቃ የተመታ ዓይነት ድምፅ ከሰጠ በስሏል። ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ገና ነውና መልሱት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ቅርፊቱ ይለሰልሳል። እንፋሎቱ እስኪወጣ ለጥቂት ጊዜ ጠብቁ፤ በጣም ትኩስ ሳለ ከተቆረጠ ውስጡ ይላቁጣል።

ይህ ዳቦ የተጋገረ ዕለት ነው ጣሙ። ለነገ ካደረ ይደርቃል፤ ምጣድ ላይ ሞቅ አድርጋችሁ ቅቤ ብትቀቡት ግን ሌላ ምግብ ይሆናል።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

ጥያቄ እንዳላችሁ አውቃለሁ። «ላም የለኝም፤ አሬራ ከየት ላምጣ?» የምትሉ አላችሁ። እርጎ በውሃ አቅጥናችሁ ተጠቀሙ። ወይም ወተት ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሩና አሥር ደቂቃ አስቀምጡት፤ ይቋጥራል፤ ያ ይሠራል። አይብ ከወጣ በኋላ የሚቀረው አጓትም ኮምጣጣ ስለሆነ ይሆናል፤ ዳቦው ግን ከአሬራው ትንሽ ይደርቃል።

«በጾምስ?» ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምም ቢሆን ዳቦው አይቀርም። 400 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሩ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት አክሉበት። ሎሚ ከጠፋ አቼቶም ይሠራል። ኮምጣጣውን አትርሱ እንጂ ከየትም ይምጣ።

«ስንዴ ተወዷል፤ በበቆሎ ማብዛት እንችላለን?» አዎ። ከዱቄቱ ሩቡን የበቆሎ ዱቄት ማድረግ ይቻላል። አሜሪካኖችም በአሬራና በሶዳ የበቆሎ ዳቦ የመጋገር የቆየ ልማድ አላቸው። ከሩብ ስታሳልፉት ግን መፈርፈር ይጀምራል፤ ምክንያቱን ቅድም ተነጋግረናል። ምን ነበር? ግሉተን። ጎበዞች።

«የደም ግፊት አለብኝ» የምትሉ ደግሞ፣ ሶዳ ውስጥም እንደ ጨው ሶዲየም አለ። ጨውን በግማሽ ቀንሱ ወይም ተዉት፤ አዘውትራችሁም አትብሉት። ሐኪማችሁ ያዘዛችሁ ይበልጣል።

(አጭር ፋታ)

ስለ ቅመም ትንሽ ልጨምር። ወደ አሜሪካ የተሰደዱት አየርላንዶች ዳቦው ላይ ዘቢብ፣ ስኳር፣ እንቁላልና ቅቤ እየጨመሩበት ሄዱ፤ በየዓመቱ መጋቢት 8 ቀን በሚውለው የቅዱስ ፓትሪክ በዓላቸው የሚቀርበው ያ ነው። እኔ ግን ያንን ኬክ እለዋለሁ። ዳቦው በአራቱ ነገሮች ብቻ ሲሠራ የስንዴውና የአሬራው ጣዕም ይሰማል።

ቅመም የግድ ካላችሁ ሩቅ አትሂዱ። ኮረሪማ የዚህ ምድር ልጅ ነው፤ በካፋ ደን ጥላ ሥር ይበቅላል። ቀይ ልብሱ ተፈልፍሎ የወጣውን ጥቁር ፍሬ አድቅቁና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከደረቁ ዱቄት ጋር ቀላቅሉ። ድፎ ላይ የለመድነው ጥቁር አዝሙድም ይስማማዋል። ለገበታ ሲቀርብ ደግሞ የካፋ ማር አለ፤ አየርላንዶች ይህን ቢያገኙ መርማላታቸውን ይተዉ ነበር ብዬ አምናለሁ።

(ሙዚቃ ከንግግሩ ሥር ይጀምራል)

አድማጮቼ፣ የቤት ሥራ ልሰጣችሁ። በዚህ ሳምንት ወተት በምትንጡበት ቀን፣ አሬራው እሳት ላይ ሳይወጣ፣ አንድ ዳቦ ሞክሩ። የመጀመሪያውን ትንሽ አድርጉት፤ በሩብ ኪሎ ዱቄትና በግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ጀምሩ። ወንዶችም ሞክሩት፤ እርሾ የሌለው፣ ማሸት የሌለው ዳቦ ነውና «እኔ አልችልም» የሚያሰኝ ነገር የለውም።

ከዚያ ጻፉልን። በየትኛው ዱቄት ጋገራችሁ? በድስት ነው በምጣድ? ኮባ ተጠቀማችሁ? ሥሩ ከሰለ? ቢጫ ነጠብጣብ አያችሁበት? ያልተሳካላችሁም ጻፉልን፤ የት ላይ እንደተሳሳተ አብረን እንፈልጋለን። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት መልእክቶቻችሁን አነባለሁ።

ሶዳውን ስትገዙ ግን ጽሑፉን አንብቡ፤ ማንበብ የማትችሉ ልጆቻችሁን አስነብቡ። ሰላም ሁኑልኝ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ያበቃል)